ባለቅንድቡ ሻርክ

ማዴይራ ከሞሮኮ በስተምዕራብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ የፖርቱጋል ደሴት ናት። ከባሕር ወለል ተነሥቶ የቆመ እሳተ ገሞራ ስለሆነች፣ ጀልባ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ከሥሩ ያለው ውሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። የደሴቲቱ አስጋሪዎች ረጅም ገመድ ወደዚያ ጨለማ እየሰደዱ፣ የሌላ አገር አስጋሪ በዕድሜው አይቶት የማያውቀውን ዓሣ ያወጣሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የማዴይራን ዓሦች እየመረመረ የሚመዘግብ አንድ እንግሊዛዊ ቄስ ነበር፤ ሪቻርድ ቶማስ ሎው ይባላል።

ሎው በፉንሻል ከተማ ለሚኖሩ እንግሊዛውያን በቄስነት ያገለግል ነበር። ከአገልግሎቱ የተረፈውን ጊዜ ግን ለደሴቲቱ ዕፅዋት፣ ለቀንድ አውጣዎቿና ለዓሦቿ ሰጠው። ዛሬ ማዴይራን የጎበኘ እንግዳ ሳይቀምሰው የማይመለሰውን፣ መልኩ የከሰለ ቅርጹ ሰይፍ የሚመስል የጥልቅ ውሃ ዓሣ ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። በ1841 ደግሞ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ አንድ ባለረጅም ጅራት ሻርክ ያዘጋጀው አጭር ገለጻ በለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር ሕትመት ላይ ወጣ። የሻርኩ ዐይን እጅግ ትልቅ ነው፤ ከዐይኑ በላይ ያለው ቦታ ደግሞ እንደ ቅንድብ ጎልቶ ይታያል። ስሙም ከዚሁ ወጣለት፦ ሱፐርሲሊዮሰስ። በላቲን ባለቅንድቡ እንደ ማለት ነው።

ከዚያ ተረሳ። ለመቶ ዓመት ያህል የሎውን ጥቂት መስመሮች ልብ ያላቸው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1935 ናካሙራ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ በታይዋን አካባቢ የሚያዙትን ሻርኮች ሲመረምር፣ ጅራቱ የረዘመ ዐይኑ የገዘፈ አንድ ሻርክ አገኘ። አዲስ ዝርያ ነው ብሎም ፕሮፈንደስ፣ ማለትም ጥልቁ፣ የሚል ስም ሰጠው። አንዱ ዓሣ በአትላንቲክ አንድ ስም፣ በፓሲፊክ ሌላ ስም ይዞ ቀረ። ነገሩን አጥርተው የለዩት ሳሙኤል ግሩበርና ሊዮናርድ ኮምፓኞ ናቸው። በ1981 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱ ስሞች የአንድ ዝርያ መሆናቸውን አሳዩ። በእንስሳት ስያሜ ሕግ ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናልና የቄሱ ስም ጸና። ሎው ራሱ ግን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ነበር። በ1874 ወደ ማዴይራ ሲመለስ የተሳፈረባት መርከብ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ማዶ ባሉት የሲሊ ደሴቶች አጠገብ ሰጥማ፣ እሱም እዚያው ባሕር ውስጥ ቀርቷል።

የስም ጉዳይ ለብዙ ሰው የምሁራን ወግ ይመስላል። ለዚህ ሻርክ ግን እንደዚያ አልሆነም። ቆይቶ እንደሚታየው፣ ከዘመዶቹ ተለይቶ መታወቅና አለመታወቁ የሕልውናው ጉዳይ እስከ መሆን ደርሷል።

የወገኑ ስም አሎፒያስ ነው። በ1810 ራፊኔስክ የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ያወጣው ሲሆን፣ ቀበሮ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ግሪኮች የባሕር ቀበሮ የሚሉት ዓሣ ነበራቸው። አሪስቶትል ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፉ፣ ይህ ዓሣ መንጠቆ መዋጡን ሲያውቅ ገመዱን ተከትሎ ወደ ላይ ይሮጥና ይበጥሰዋል ብሏል። ረጅሙ ጅራትና ብልጠቱ አንድ ላይ ቀበሮ አሰኙት። እንግሊዞች ደግሞ ወቂው ይሉታል፤ ጅራቱ እህል ሲወቃ ከፍ ብሎ እንደሚወርድ ዱላ ስለ መሰላቸው ነው። በአማርኛ የተለመደ ስም የለውም። የቡሄ ሰሞን የልጆችን ጅራፍ ለሚያውቅ አንባቢ ከዱላው ይልቅ ጅራፉ ስለሚቀርበው፣ በዚህ ጽሑፍ ወገኑ በሙሉ ባለጅራፍ ሻርክ፣ የሎው ዓሣ ደግሞ ባለቅንድቡ ተብሏል።

ባለጅራፎቹ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሦስት ዝርያዎች ናቸው። ሦስቱም ከነጭ ሻርክና ከማኮ ሻርክ ጋር በአንድ ክፍለ መደብ ይመደባሉ። በዚህ ክፍለ መደብ ውስጥ ያሉት ሻርኮች 15 ያህል ብቻ ቢሆኑም፣ መልካቸውና ጠባያቸው የአንድ ቤት ልጆች አያስመስላቸውም። አፉን ከፍቶ ደቃቅ ነፍሳትን ከውሃ እያጣራ የሚኖር ግዙፍ ሻርክ አለ፤ አፍንጫው እንደ ምላጭ የረዘመ የጥልቅ ውሃ ሻርክም አለ። ባለጅራፎቹን ከሁሉም የሚለያቸው ጅራታቸው ነው። የጅራቱ የላይኛው ክንፍ ብቻውን የቀረውን አካል ያህል ይረዝማል። አራት ሜትር የሚሆን ባለጅራፍ ተይዞ ቢለካ ሁለት ሜትሩ ጅራት ነው።

ከሦስቱ በትልቅነቱ የሚመራው የተለመደው ባለጅራፍ ሲሆን ስድስት ሜትር ሊደርስ ይችላል። የሆዱ ነጭ ቀለም ከደረት ክንፎቹ ሥር ወደ ላይ መውጣቱ መለያው ነው። ትንሹ የሰፊው ባሕር ባለጅራፍ ነው፤ በቀይ ባሕር ጠላቂዎች የሚያዩት እሱን ነው። ባለቅንድቡ በመካከል ነው። ብዙ ጊዜ ከሦስት ሜትር ተኩል እስከ አራት ሜትር ይሆናል። በየካቲት 1981 በኒውዚላንድ ቱቱካካ አጠገብ በመንጠቆ የተያዘው ከ363 ኪሎ ግራም በላይ መዝኖ ነበር። በሕይወት ሳለ ጀርባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ብረት ብረት የሚል አንጸባራቂ ቡናማ ነው። ሲሞት ግን ያ ቀለም ወዲያው ይጠፋና ግራጫ ይሆናል። በወደብ ወይም በሥዕል ብቻ ያየው ሰው እውነተኛውን መልኩን አላየም ማለት ነው።

በ1995 ብሌዝ አይትነር የተባለ ተመራማሪ የእነዚህን ሻርኮች ፕሮቲኖች እያነጻጸረ ዝምድናቸውን አጠና። የባለቅንድቡ የቅርብ ዘመድ የሰፊው ባሕር ባለጅራፍ መሆኑን የሚያሳይ ውጤት አገኘ። በዚያው ጥናት ከሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ አካባቢ የተወሰደና የባለቅንድቡ ነው ተብሎ የተቀመጠ የጡንቻ ናሙና ነበር። ናሙናው ሲመረመር ከሦስቱም ጋር አልገጠመም። አይትነርም ያልታወቀ አራተኛ ዝርያ ሳይኖር አይቀርም ብሎ ጻፈ። ከናሙናው በስተቀር የዚያ ዓሣ አካል፣ መልክና ልክ አልተመዘገበም። በባለቅንድቡ ስም ተይዞ፣ ተመትሮ፣ ምናልባትም ተሸጦ አልፏል።

ባለቅንድቡን ፊት ለፊት ያየ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ዐይኑን ነው። በአዋቂው ላይ እስከ 10 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህላል ማለት ነው። ክብ አይደለም። ከላይ ሰፋና ክብ ብሎ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል። የዐይኑ ጉድጓድ እስከ አናቱ ድረስ ስለሚዘልቅ፣ ሻርኩ ራሱን ቀና ሳያደርግ በቀጥታ ወደ ላይ ማየት ይችላል። ከእያንዳንዱ ዐይን በላይ ደግሞ ጥልቅ ቦይ ተነሥቶ ከስንጥቦቹ በላይ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለቱ ቦዮች ራሱን ከግራና ከቀኝ ስለሚከቡት፣ ከላይ ለሚያየው ሰው የራስ ቁር የደፋ ያስመስሉታል። ሎው ቅንድብ ያለው ይህንኑ ነው።

ወደ ላይ የሚያይ ዐይን ለምን አስፈለገው? መልሱ የሚገኘው በሚውልበት ቦታ ነው።

ቀን ቀን ባለቅንድቡ ከ300 እስከ 500 ሜትር ጥልቀት ላይ ይውላል። እዚያ የፀሐይ ብርሃን ከሞላ ጎደል አልቋል። ቀዩና ቢጫው ብርሃን ገና ከላይ ቀርቶ፣ የሚደርሰው እጅግ የደከመ ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ እሱም የሚመጣው ከላይ ብቻ ነው። በዚህ ውሃ ውስጥ ወደ ጎን ያየ ጨለማ ያያል። ወደ ላይ ያየ ግን ከራሱ በላይ የሚያልፈውን ዓሣና ስኩዊድ (ባለብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ) እንደ ጥላ ለይቶ ያየዋል፤ በመሸ ሰማይ ላይ የሚያልፍ አሞራ ክንፉ እንደሚለይ ማለት ነው። ባለቅንድቡ የሚያድነው ከሥር ሆኖ ነው። ዐይኑ ትልቅ የሆነው ከዚያ ጥቂት ብርሃን የቻለውን ያህል እንዲሰበስብ፣ ወደ ላይ የዞረውም ብርሃኑ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው።

ሲመሽ ይወጣል። በመላው ዓለም ውቅያኖስ በየምሽቱ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ትናንሽ ዓሦች፣ ስኩዊዶችና ደቃቅ ነፍሳት ከጥልቁ ወደ ላይኛው ውሃ ይወጣሉ፤ ሲነጋ ደግሞ ይመለሳሉ። በምድር ላይ በየቀኑ ከሚደረጉ የእንስሳት ጉዞዎች ይህን የሚያህል የለም። ባለቅንድቡ ምግቡን ተከትሎ አብሮ ይወጣል፤ አብሮ ይወርዳል። ይህን በትክክል ለማወቅ የተቻለው ሳይንቲስቶች በሻርኮች ላይ መሣሪያ ማሰር ከጀመሩ በኋላ ነው። መሣሪያው በሻርኩ ጀርባ ላይ ሆኖ ጥልቀቱንና የውሃውን ሙቀት ይመዘግባል። ቀኑ ሲደርስ ራሱን ፈትቶ ወደ ላይ ይንሳፈፍና የመዘገበውን በሳተላይት ይልካል።

ኬቪን ዌንግና ባርባራ ብሎክ በ2004 ያሳተሙት ጥናት በሁለት ባለቅንድቦች ላይ የተደረገ ነበር፤ አንዱ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ሌላው በሃዋይ ደሴቶች አካባቢ። በሁለቱ መካከል አንድ አህጉርና ግማሽ ውቅያኖስ አለ። የላኩት መዝገብ ግን አንድ ዓይነት ነው። ቀን ከ6 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይውላሉ፤ ማታ ከውሃው ገጽ እስከ 100 ሜትር ባለው፣ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ያድራሉ። ከአዳማ ቀትር ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ወደ አዲስ አበባ የኅዳር ንጋት እንደ መግባት ነው፤ ያውም በየቀኑ፣ ያውም ሙቀትን ከአየር እጅግ አብልጦ በሚነጥቅ ውሃ ውስጥ። ሌሎች መዝገቦች ደግሞ ዝርያው ከ700 ሜትር በታች እንደሚወርድ አሳይተዋል።

ብርድ ዐይንን ያደነዝዛል። በሰይፍ ዓሣ ላይ የተደረገና በ2005 የታተመ ጥናት፣ የዓሣው ሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ የዐይን ክፍል) ሲሞቅ ፈጣን እንቅስቃሴን የመለየት ችሎታው ከአሥር እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ፈጣን ስኩዊድ ለሚያድን ሁሉ ይህ የጾም ወይም የጥጋብ ልዩነት ነው። ዌንግና ብሎክ የባለቅንድቡን ራስ ከፍተው ሲመረምሩ ከዐይኑ ጀርባ አንድ ነገር አገኙ። የሐኪሞች የላቲን ስሙ ድንቅ መረብ ማለት ነው፤ ስሙም ይገባዋል። ብዙ ቀጫጭን የደም ሥሮች ጎን ለጎን ተደርድረው የተጠላለፉበት ነው። ከዐይንና ከአንጎል የሚመለሰው ደም ሙቀት አለው፤ ከስንጥብ የሚመጣው ደም ደግሞ ከባሕሩ ውሃ ጋር ስለተገናኘ ቀዝቃዛ ነው። ሁለቱ በመረቡ ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲተላለፉ ተመላሹ ሙቀቱን ለመጪው ያስረክባል። በዚህ መንገድ ሙቀቱ ወደ ባሕር ሳይባክን እዚያው ራስ ውስጥ ይሽከረከራል። ሻርኩ ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድ ዐይኑና አንጎሉ ቶሎ እንዳይቀዘቅዙ የሚያደርገው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የሚገርመው፣ የተለመደው ባለጅራፍ ተመሳሳይ ችግርን በሌላ ቦታ ነው የፈታው። እሱ የሚያሞቀው የመዋኛ ጡንቻውን ነው፤ ቀዩ ጡንቻው ወደ አካሉ መካከል ገብቶ በራሱ የደም ሥር መረብ ሙቀቱን ይጠብቃል። በባለቅንድቡ አካል ግን ቀዩ ጡንቻ እንደ ብዙዎቹ ዓሦች ከቆዳው ሥር ነው። አንዱ ዘመድ ለመሮጫው፣ ሌላው ለማያው ሞቀ። ዝርያዎችን ከውጭ ክንፍና ቀለም አይቶ መለየት አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ከውስጥ ሲታዩ ግን ልዩነታቸው የአኗኗር ልዩነት መሆኑ ይገለጣል።

ስለ ጅራቱ ብዙ ተረት ተወርቷል። የድሮ መርከበኞች ባለጅራፍ ሻርክ ከሰይፍ ዓሣ ጋር ተባብሮ ዓሣ ነባሪን እየገረፈ ይገድላል ይሉ ነበር። አፉ ትንሽ ጥርሱም ደቃቅ ስለሆነ ዓሣ ነባሪን ሊበላ አይችልም። ሳይንቲስቶችም ለረጅም ጊዜ በጅራቱ ያድናል የሚለውን በግምት ብቻ ይዘውት ቆዩ። ጥርጣሬውን የሻረው በ2013 የታተመ ጥናት ነው። ጠላቂ ተመራማሪዎች በ2010 በፊሊፒንስ ሴቡ አጠገብ ባለችው በፔስካዶር ደሴት ካሜራ ይዘው ገብተው፣ የሰፊው ባሕር ባለጅራፍ የሰርዲን መንጋ ሲያድን ቀረጹት።

ሻርኩ ወደ መንጋው በፍጥነት ይመጣል። ሊደርስ ሲል የደረት ክንፎቹን አጥፎ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋል። ያን ጊዜ የኋላ አካሉ ይነሣል፤ ጅራቱም በራሱ ላይ አልፎ ወደ ፊት ይወረወራል። የቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ እጅ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ነው፣ ፍጥነቱ እየተሰበሰበ ሄዶ የሚፈነዳው ጫፉ ላይ ነው። የሻርኩ የጅራት ጫፍ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወነጨፋል፤ ከተቀረጹት ሁሉ የፈጠነው ወደ 80 ኪሎ ሜትር ተጠግቷል። በውሃ ውስጥ መሆኑ አይዘንጋ። በምቱ ኃይል ከጅራቱ አጠገብ የአየር አረፋ ሲወጣ ታይቷል። ሰርዲኖቹ አጥንታቸው ተሰብሮ፣ አንዳንዱም አካሉ ተሰንጥቆ ይንሳፈፋል። ሻርኩ ዞሮ ይለቅማቸዋል። በአንድ ምት እስከ ሰባት ዓሣ የተመታበት ጊዜ አለ።

ባለቅንድቡን በ400 ሜትር ጨለማ ውስጥ እንዲህ መቅረጽ ቀላል አይደለም። የእሱ ምስክር መንጠቆው ነው። አስጋሪዎች ገመዳቸውን ሲስቡ ባለቅንድቦች ብዙ ጊዜ የሚወጡት በአፋቸው ተይዘው ሳይሆን በጅራታቸው ተጠልፈው ነው። በመንጠቆው ላይ ያለውን ዓሣ በጅራቱ መትቶት ነበር ማለት ነው።

ጽንሱም የተለየ ነው። እናቲቱ ዕንቁላል አትጥልም፤ ግልገሎቿን በማህፀኗ አሳድጋ ትወልዳለች። በእሷና በፅንሱ መካከል ግን እትብት የለም። ፅንሱ መጀመሪያ የሚመገበው የራሱን አስኳል ነው። እሱ ሲያልቅ እናቲቱ ወደ ማህፀኗ የማያቋርጥ የዕንቁላል ምግብ ትልካለች፤ ፅንሱም እነዚያን ያልተዳቀሉ ዕንቁላሎች እየበላ ያድጋል። ሻርኳ ሁለት ማህፀን ስላላት በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ግልገል ትይዛለች። ሦስት ወይም አራት መገኘቱ ብርቅ ነው። በአንጻሩ ግልገሎቹ ሲወለዱ ትልቅ ናቸው፤ ከአንድ ሜትር አልፈው አንዳንዶቹ 1 ሜትር ከ40 ይደርሳሉ። ጅራፋቸውን ይዘው፣ ዐይናቸውን ገልጠው፣ ለማደን ተዘጋጅተው ነው የሚወጡት።

ዕድሜያቸውን ያወቁት በ1998 ጥናታቸውን ያሳተሙ የታይዋን ተመራማሪዎች ናቸው። ዛፍ ሲቆረጥ ግንዱ ላይ በሚታየው ክብ መስመር ዕድሜው እንደሚቆጠር ሁሉ፣ በሻርኩ የጀርባ አጥንት ላይ ያሉትን ክቦች ቆጠሩ። ወንዱ ለመራባት የሚደርሰው በ9 ወይም በ10 ዓመቱ ነው። ሴቷ ከ12 እስከ 13 ዓመት ትጠብቃለች። ከተመረመሩት ሁሉ በዕድሜ የገፋችው ሴት 20 ዓመቷ ነበር። አንዲት ሴት ከደረሰችበት ጊዜ ጀምሮ ሳታቋርጥ ብትወልድ በዕድሜዋ ሁሉ የምታፈራው 20 ግልገል ቢሆን ነው። በዚያው ገመድ ከጎኗ የምትያዘው ቱና በአንድ ጊዜ ዕንቁላሎቿን የምትለቀው በሚሊዮን ነው። ሌላው የገመዱ ሰለባ ሰማያዊ ሻርክ እንኳ በአንድ ወሊድ በአሥሮች የሚቆጠሩ ግልገሎች አሉት። ሦስቱን እኩል የሚያጠምድ መንጠቆ ሦስቱን እኩል አይጎዳም።

የመንጠቆው ገመድ ብዙ ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በላዩ ላይ መንጠቆዎች በሺህ ይቆጠራሉ። የሚጣለው ለሰይፍ ዓሣና ለትልልቅ ቱና ነው፤ እነሱም እንደ ባለቅንድቡ ማታ ወደ ላይ ቀን ወደ ታች የሚሉ ናቸው። ባለቅንድቡ ከብራዚል እስከ ጃፓን፣ ከሜዲትራኒያን እስከ ማዳጋስካር፣ በዓረብ ባሕርም ሳይቀር ይኖራል። ገመዱ ያልደረሰበት የእሱ ውሃ ጥቂት ነው። ከኒውዮርክ ማዶ ምልክት የተደረገበት አንዱ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ መገኘቱም ዝርያው የአንድ አገር ውሃ ነዋሪ አለመሆኑን ያሳያል። የአንድ መንግሥት ሕግ ብቻውን አይጠብቀውም።

የስም ጉዳይ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ባለቅንድቡን በአትላንቲክ ውሃዋ እንዳይያዝ የከለከለችው በ1999 ነው። በ2009 የአትላንቲክ ቱናን የሚያስተዳድረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ባለቅንድቡን በመርከብ ማስቀረትን ከለከለ። ክልከላው በስም የሚጠቅሰው ይህን አንድ ዝርያ ነው። በጨለማ፣ በሚናወጥ መርከብ ላይ፣ ቀለሙ ሊጠፋ በተቃረበ ዓሣ ፊት የቆመ ሠራተኛ ባለቅንድቡን ከዘመዶቹ መለየት አለበት ማለት ነው። ከዐይኑ በላይ ያለውን ቦይ ያወቀ ሰው አይሳሳትም፤ ላላወቀ ግን ሁሉም ባለረጅም ጅራት ሻርክ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን በ2010 የተሻለውን መንገድ መረጠ፦ ሦስቱንም ዝርያ ከለከለ። ስሪላንካም በ2012 በራሷ አስጋሪዎች ላይ ይህንኑ አደረገች።

ክንፉ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ዐይንም ቦይም የለም። የሆንግ ኮንግ የክንፍ ነጋዴዎች የሦስቱንም ዝርያ ክንፍ በአንድ የገበያ ስም ነው የሚጠሩት። በ2016 በጆሃንስበርግ የተሰበሰበው በአደገኛ ሁኔታ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጉባኤ በስሪላንካ አቅራቢነት ባለቅንድቡን በሁለተኛው የጥበቃ ዝርዝር ሲያስገባ፣ ሁለቱን ዘመዶቹንም አብሮ ያስገባቸው ስለሚመሳሰሉ ነው። ውሳኔው ከጥቅምት 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ አባል አገሮችን ሁሉ ይመለከታል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባለቅንድቡን ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚላቸው ዝርያዎች መድቦታል።

እነዚህ ሁሉ ክልከላዎች ትክክል ናቸው፤ ግን የሚጀምሩት ዓሣው ከውሃ ከወጣ በኋላ ነው። ባለጅራፍ ሻርክ የሚተነፍሰው ወደ ፊት እየዋኘ ውሃውን በአፉ አስገብቶ በስንጥቦቹ በማሳለፍ ነው። በጅራቱ የተጠለፈ መዋኘት አይችልም፤ መዋኘት ያልቻለ ይታፈናል። በአትላንቲክ በፖርቱጋል የመንጠቆ መርከቦች ላይ የተደረገና በ2012 የታተመ ጥናት፣ ከተያዙት ባለቅንድቦች ግማሽ ያህሉ ገመዱ ሲሳብ ሞተው እንደሚገኙ መዝግቧል። የሞተውን ወደ ባሕር መመለስ ሕግ ማክበር ይሆን ይሆናል፤ ዝርያውን ግን አያተርፈውም። የሚያተርፈው ገመዱ ከመጣሉ በፊት የሚወሰነው ነው፦ መንጠቆው በስንት ሜትር ጥልቀት ላይ ይሁን፣ በስንት ሰዓት ይጣል፣ ምን ያህል ጊዜ ውሃ ውስጥ ይቆይ። ባለቅንድቡ ቀን የት እንደሚውል፣ ማታ የት እንደሚያድር ዛሬ በሜትር ይታወቃል። የቱና ኮሚሽኖች የመንጠቆውን ጥልቀትና ሰዓት የሚወስኑበት ደንብ ከዚህ እውቀት መነሣት አለበት።